ነጯ ኳስ ፍሬን የያዘች ዕለት

ሀልካኖ ነጯን ኳስ ሲመታ ደምለው ሆቴል ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቢራ ማስታወቂያ ይነቃነቅ ነበር። አላጋነንኩም። አሥራ አምስቱ ኳሶች በሦስት ማዕዘን ተደርድረው ይጠብቁታል። እሱ ስቴካውን፣ ረጅሙን የመምቻ ዘንግ፣ ይዞ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ትንፋሹን ይስባል፣ ከዚያ ሙሉ ሰውነቱን ጭኖ ይለቀዋል። ኳሶቹ ጅብ እንደገባበት የፍየል በረት ይተረማመሳሉ። ሰው ያጨበጭባል። ጭብጨባው ሳያልቅ ግን አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ነጯ ኳስ ጥግ ካለው ቀዳዳ ዶግ ብላ ስትወድቅ።

ፑል የማያውቅ ካለ ልንገረው። ነጯ መምቻ ናት፣ መግባት የለባትም። እሷ ከገባች ተራው ያልፋል፤ የበተንከው ሁሉ ለተጋጣሚህ እንደተዘረጋ ማዕድ ነው። ሀልካኖ በጉልበቱ ማዕዱን ይዘረጋል፣ ሌላው ይበላል። ያኔ ይሳቃል። ይህ ሳቅ ስድስት ዓመት ሙሉ ተሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ ራሴን ነጻ አውጥቼ ሌላውን ልወቅስ አልተነሳሁም። ግን ዛሬ የሚያናድደኝ ያ ሳቅ ስለሆነ ነው ይህንን የምጽፈው።

ሀልካኖ ፍሬን ሠሪ ነው። ሞያሌ በኬንያ በኩል፣ ሄሉ ከሚባለው ሰፈር አፋፍ ላይ፣ ሁለት ግራርና አንድ ጉድጓድ ያለበት ጋራዥ አለ፤ እዚያ ነው የሚሠራው። አባቱ ዳበል በሚባል መንደር ከብት ያረቡ ነበር። ድርቁ ከብቱን ሲጨርሰው ልጁ ወደ ከተማ መጣ። ከላይ፣ ከኢትዮጵያ በኩል፣ ጤፍና ባቄላ ጭነው የሚመጡ ሾፌሮች ከመኪናቸው ሥር ገብቶ መፍቻ እንዲያቀብላቸው ያዙት። አማርኛን የተማረው ከዚያ፣ ከመኪና ሥር ተኝቶ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ቃላቱ «ሰላም» እና «እንደምን አደርክ» አይደሉም፤ «ፍሬን»፣ «ሸራ»፣ «ታምቡር»፣ «ያዝ»፣ «ልቀቅ» ናቸው። ፊደል የቆጠረውም ከዘይት ጣሳና ከመኪና ጀርባ ጽሑፍ ነው። አሁን አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አማርኛው ይገባሃል፣ ግን ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አንተ» ይላል፣ ወንዱን ሴት ሴቱን ወንድ ያደርጋል። ለዚህም ይሳቅበታል። ሦስት ቋንቋ የሚናገር ሰው አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቁ ሰዎች ሲስቁበት ዝም ብሎ ማየት ምን ይባላል? እኛ ጨዋታ እንለዋለን።

ሥራው በጀርባ ተኝቶ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ያየው እግሩን ነው። መንገደኛ ሲያልፍ ከመኪና ሥር የወጡ ሁለት ጫማዎች ያያል፤ «ፉንዲ!» ብሎ ይጠራል፤ ፉንዲ ማለት በስዋሂሊ ባለሙያ ማለት ነው፤ ጫማዎቹም ይንቀሳቀሳሉ። ቅዳሜና እሑድ ግን ሀልካኖ ታጥቦ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ደምለው ሆቴል ግቢ ይመጣል፤ ቆሞ፣ በሰው ፊት፣ ስቴካ ይይዛል። የከተማችን ቡድን ከፋች ነው። ከፋች ማለት ጨዋታው ሲጀመር የተደረደሩትን ኳሶች መጀመሪያ የሚመታው፣ በኬንያዎቹ አጠራር ብሬክ የሚያደርገው ነው። በሦስተኛው፣ በመጨረሻው ግጥሚያ የሚሰለፈውም እሱ ነው። ሚስቱ ሌንሳ አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «እዚያ ቦታ ካጣ ቤት ውስጥም አይቆምም።»

ያንን ቦታ ሊያጣ የደረሰው በፈረንጆቹ 2016 ዓ.ም ነው።

በየዓመቱ ከላይኛው ሞያሌ፣ ከኢትዮጵያ በኩል፣ ሦስት ሰው ይመጣል፤ ከእኛም ሦስት ይሰለፋል። ያለፈው ዓመት አንድ ለአንድ ሆነን የመጨረሻው ጨዋታ በሀልካኖ እጅ ወድቆ ነበር። መታ፤ ማስታወቂያው ተነቃነቀ፤ ነጯ ገባች። ተሸነፍን። ደምለው ያንን ዓመቱን ሙሉ እንደ ሐሞት ሲውጠው ከረመ። ደምለው የሆቴሉም የጠረጴዛውም ባለቤት ነው፤ አባቱ ከጎንደር መጥተው እዚህ የቀሩ፣ እሱ እዚሁ ተወልዶ ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ጠረጴዛው የሱ ስለሆነ ጨዋታውም የሱ ይመስለዋል። ግጥሚያው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሀልካኖን ጠራው፤ እኔም ሞሉም እዚያው ነበርን። ሞሉ የሞተር ታክሲ ያለው፣ ሠላሳ ዓመት የሆነው፣ ተጠባባቂያችን ነው።

«ሀልካኖ፣ ጠልቼህ አይደለም» አለ ደምለው። «አንድ ግጥሚያ እሰጥሃለሁ። ስትከፍት ነጯ አንድ ጊዜ ብቻ ቀዳዳ ከገባች ስቴካውን እዚያው ለሞሉ ታስረክባለህ። ከዚያ በኋላ ተመልካች ነህ።»

ሀልካኖ ሞሉን አየው። ሞሉ መሬት አየ።

«እሺ» አለ ሀልካኖ።

ደምለው በዚያው ሳምንት ደንቡ በወረቀት ይጻፍ አለ፤ ያለፈው ዓመት ክርክር በዝቶ ነበርና። የእህቱ ልጅ ቃልኪዳን በላይኛው ሞያሌ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አላት። ቃልኪዳን አማርኛ ስትጽፍ ነጥቡን እንኳ አትስትም፤ ችግሯ የኛን፣ የታችኞቹን፣ አማርኛ አለማመኗ ነው። ኬንያ በኩል ያለን ሰዎች ገንዘብን «ፔሳ»፣ መኪናን «ጋሪ»፣ ፍሬንን «ብሬክ» እያልን ስናወራ ጆሮዋን ያማታል። እሷ ጋ የጋብቻ ጥሪ ካሰራህ ስዋሂሊህን ነቅላ፣ አማርኛ ተክላ፣ ምንም ሳትነግርህ ታትምልሃለች። ታላቅ ሥራ ነው እላለሁ፤ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ይቀድማል።

ደምለው ደንቡን በስልክ አስጻፋት። አምስተኛው ላይ ሲደርስ «ብሬክ በየተራ ይሁን፤ በብሬክ ጊዜ ነጯ ከገባች ተራው ለተጋጣሚ ያልፋል» አለ። ቃልኪዳን ፑል አታውቅም። «ብሬክ» የሚለውን ግን ከኬንያ ሾፌሮች አፍ ሰምታዋለች፤ መኪና ማቆሚያው ነው። በጥሩ አማርኛ ደግሞ ፍሬን ይባላል። ስለዚህ አረመችው። ወረቀቱ ታትሞ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሆቴሉ በር ላይ ሲለጠፍ እንዲህ ይላል፦

«5ኛ. ፍሬን በየተራ ይያዛል። ፍሬን ሲያዝ ነጯ ኳስ ቀዳዳ ከገባች ተራው ለተጋጣሚ ያልፋል።»

ሳቁን መገመት ትችላላችሁ። ሰው ከመንገድ እየተጠራ መጥቶ አነበበ። አንዱ «ማርሽስ በየተራ አይቀየርም ወይ?» አለ። ሌላው የእጅ ፍሬን ይፈቀድ እንደሆነ ደምለውን ጠየቀው። ደምለው እየሳቀ ሊያነሳው ነበር፣ ሰው ተወው ብሎ ለመነው። ለቃልኪዳን የነገራት አንድም ሰው የለም። ይህንን ልብ በሉልኝ። ስህተቷን አይተን ሳምንት ሙሉ ሳቅንባት፤ አንድ ስልክ ደውለን «ቃልዬ፣ ይቺ ቃል ሌላ ናት» ማለት ግን አልቻልንም። ሳቅ ካገኘን ለሰው ማን ያስባል?

ሀልካኖ የመጣው ሳቁ ከበረደ በኋላ ነው። ወረቀቱ ፊት ቆሞ በጣቱ ፊደል በፊደል እየሄደ አነበበው። አምስተኛው ላይ ቆየ። ተመልሶ ከላይ ጀመረ። አሁንም አምስተኛው ላይ ቆየ። ከዚያ አልሳቀም። ከኪሱ የዘይት ጠብታ ያለባት ትንሽ ደብተር አውጥቶ አምስተኛውን ደንብ ብቻ ገለበጠ፤ ሄደም። እኔ ከሞሉ ጋር ቆሜ እያየሁት ነበር። ሞሉ «አላወቀም እንዴ? ንገረው» አለኝ። አልነገርኩትም። የማፍርበት ነገር ይህ ነው።

ኋላ እሱው እንደነገረኝ ከሆነ ያሰበው ይህን ነው። የተጻፈ ነገር ሕግ ነው። ሕጉ ነጯ ፍሬን ትያዝ ይላል። ስድስት ዓመት ኳስ የሚከፈተው በመበርገድ ይመስለው ነበር፤ ለካ ዋናው ነገር መምታቱ ሳይሆን ከመታህ በኋላ ነጯን ማቆም ነው። የሚያቆም ሰው እሱ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ከተማው ውስጥ ማቆም ሙያው የሆነ ሰው አንድ ነው።

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ጋራዡ ሳይከፈት፣ ደምለው ግቢ ተገኘ። በዚያ ሰዓት ጠረጴዛው ባዶ ነው፤ አስተናጋጆቹ ግቢ ይጠርጋሉ። ሞሉም ተጠባባቂ ነኝ ብሎ መለማመድ ጀምሮ ነበር። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ፤ ከማኩረፍ ኳስ እርስ በርስ መደርደርን መረጡ። አንዱ ሲመታ ሌላው በሦስት ማዕዘኑ እንጨት ኳስ ይደረድርለታል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነጯ አሥራ ሰባት ጊዜ ገባች። ቆጥሮ በደብተሩ ጽፏል። አራተኛው ቀን ስቴካውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ወንበር ላይ ተቀመጠና ጠረጴዛውን እንደ ታመመ መኪና ያየው ጀመር። እኔ ዳቦ ልገዛ ገብቼ ነበር።

«መኪና ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ጎን ከሳበ ምንድነው?» አለኝ።

አላውቅም አልኩት።

«ሸራዋ፣ ያቺ ፍሬን ስትረግጥ የምትጫነው፣ የጎማውን ታምቡር በጫፍ ነክታለች። ሙሉ ካልነካች ይስባል። ጉልበት ብትጨምር ብሶ ይስባል።» ተነስቶ ከተደረደሩት ኳሶች ፊተኛዋን በጣቱ ነካ። «እኔ እሷን በጫፍ ነው የምመታ። ሙሉ ግንባሯን አልመታም። ለዚህ ነው ነጩ ወደ ጥግ የምትስበው።»

ይህንን ለመረዳት እኔ ሁለት ጊዜ ማሰብ ነበረብኝ፤ እናንተ እንዳትቸገሩ አቅልዬ ልናገር። ነጯ ፊተኛዋን ኳስ ልክ ግንባሯን ካገኘች ጉልበቷን በሙሉ ለተደረደሩት ትሰጥና ራሷ ትንሽ ወደ ኋላ አፈግፍጋ ጠረጴዛው መሐል ትቆማለች። በጎን ከነካቻት ግን ግማሹን ጉልበት ይዛ ትሮጣለች፤ የምትሮጠውም ወደ ቀዳዳ ነው። የሀልካኖ በሽታ ይህ ነበር፤ ሦስት እርምጃ ተንደርድሮ የሚመታ ሰው ግንባር አይቶ አይመታም። ስለዚህ መንደርደሩን ተወ። እግሩን ተከለ። ጉልበቱን ከሦስት አንዱን ቀነሰ። የነጯን መሐል፣ ጥቂት ወደ ታች ዝቅ አድርጎ፣ መታ። ኳሶቹ እንደ ድሮው አልጮሁም፤ ግን ተበተኑ። ነጯ መሐል መጥታ፣ ትንሽ ተንቀጥቅጣ፣ ቆመች።

«ፍሬን ያዘች» አለ ሀልካኖ። ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ፣ መኪና ቁልቁለት ላይ ተሞክሮ ሲቆምለት የማየው ነው።

ሁለተኛው ነገር የመጣው ከሞሉ ነው። ሞሉ ሲደረድር ይቸኩላል። እንጨቱን ሲያነሳ ፊተኛዋ ኳስ ከኋላዎቹ ሁለት በፀጉር ያህል ትለያለች። የከተማችን ልማድ ደግሞ ደርዳሪው ተጋጣሚ ነው፤ መቺው አንድ ጊዜ ብቻ «ድገም» ማለት ይችላል፣ ሁለተኛ የለም። ፊተኛዋ ካልተጠጋች የፈለግኸውን ያህል ብትመታ ጉልበቱ እሷው ላይ ይሞታል፤ ኳሶቹ ክምር እንደሆኑ ይቀራሉ። ሞሉ ይህን ሆን ብሎ ይሁን በስንፍና እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ብጠይቀው ይስቃል። ሀልካኖ ግን አላማረረም። ጋራዥ ውስጥ በሸራና በታምቡር መካከል ያለችውን ክፍተት የሚለካባት ቀጭን የብረት ቅጠል አለችው። እሷን አምጥቶ በየኳሱ መካከል ከተታት። የት እንደምትገባና የት እንደማትገባ ሲያይ ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ ብረቷን ተዋት፤ ዓይኑ መለካት ጀመረ። ፊተኛዋ ተከፍታ ካገኛት እሷን ይተውና ነጯን ወደ ጠረጴዛው ጎን አስጠግቶ፣ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ያለችውን፣ ከጎረቤቶቿ የተጣበቀችውን፣ ይመታ ጀመር። ከባድ ነው፤ ነጯ ያኔ የጎኑን ግድግዳ ነክታ መመለስ አለባት፤ ፍሬኑ ዘግይቶ ነው የሚይዘው። አንዳንዴ ይሳካለታል፣ አንዳንዴ ዶግ።

እንዲህ ሆኖ ግጥሚያው ደረሰ።

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የላይኞቹ ኬላውን በእግር አቋርጠው መጡ። ከነሱ ጋር ቃልኪዳን ነበረች፤ አጎቷን ልትጠይቅ። የነሱ ዋና ተጫዋች ኢዛና ይባላል፤ ጸጉር አስተካካይ ነው፤ እጁ እንደ ሙያው ቀላል፣ ምላሱ እንደ መቀሱ። ኳስ ሲደረድር ማየት ለብቻው ትዕይንት ነው። እንጨቱን ሁለት ጊዜ ወደፊት ወደኋላ ያንሸራትታል፣ ይጫናል፣ ያነሳል። ሲያነሳ አውራ ጣቱ ፊተኛዋን ኳስ በፀጉር ያህል ስታርቃት ግን የሚያይ ጥቂት ነው።

የመጀመሪያውን ግጥሚያ እኛ፣ ሁለተኛውን እነሱ ወሰዱ። ሦስተኛው ሀልካኖና ኢዛና ሆነ፤ ሦስት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ግጥሚያውን ይወስዳል። አንደኛውን፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን የሚከፍተው ሀልካኖ ነው። ደምለው ከሞሉ አጠገብ ተቀመጠ። ሞሉ የራሱን ስቴካ ጭኑ ላይ አጋድሟል።

አንደኛው ሲከፈት ሰው ማስታወቂያው እስኪነቃነቅ ጠበቀ፤ አልተነቃነቀም። ሀልካኖ እንደተተከለ መታ፤ ኳሶቹ ተበተኑ፤ ነጯ መሐል ቆመች። ጭብጨባ የለም፤ ሰው ምን እንዳየ ገና አልገባውም። ያንን ጨዋታ አሸነፈ። ሁለተኛውን ኢዛና ወሰደ። ሦስተኛው ላይ ነጯ አሁንም መሐል ቆመች፤ ሀልካኖ አሸነፈ፤ አራተኛውን ኢዛና። ሁለት ለሁለት።

አምስተኛው ሊከፈት ኢዛና ደረደረ። ሀልካኖ ጎንበስ አለ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ አየ።

«ድገም» አለ።

ኢዛና ፈገግ ብሎ ደገመ። አንሸራተተ፣ ተጫነ፣ አነሳ። ሀልካኖ እንደገና ጎንበስ አለ። አሁንም በፊተኛዋና ከኋላዋ ባሉት መካከል ብርሃን ያልፋል።

«አሁንም ክፍት ናት» አለ።

«ሁለተኛ ድገም የለም፣ ፉንዲ» አለ ኢዛና። «በር ላይ ተጽፎልሃል። ወይስ ፍሬን ልትይዝ ፈልገህ ነው?»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሳምንቱን ሙሉ የተሳቀው ሳቅ፣ ላይኞቹም ሰምተውት ኖሮ፣ አንድ ላይ ፈነዳ። ደምለው ራሱ አፉን በእጁ ሸፈነ። ቃልኪዳን ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረችና ምን እንደተፈጠረ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ሄዳ አነበበች፤ የራሷን ጽሑፍ። ተመልሳ ስትቀመጥ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ሀልካኖ ሳቁ እስኪያልቅ ጠመኔውን በስቴካው ጫፍ ላይ ሲያሽከረክር ቆየ።

«አዎ» አለ። «ፍሬን ልይዝ ነው። አምስተኛ ላይ ተጽፏል።»

ያኔ ነው ገና ሰው የገባው። አላወቀም ብለን የሳቅንበት ሰው ሁለት ጊዜ በፊታችን ነጯን አቁሟታል። ሳቁ ሰው ሳያዘው ቆመ።

ሀልካኖ ነጯን አንስቶ ከመሐል ወደ ግራ ጎን አስጠጋት። ኢዛና ይህንን ሲያይ ቅንድቡን አነሳ፤ የገባው እሱ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ተሳሳተ ብሎ አጉረመረመ፤ ከኋላዬ አንዱ «መሐል! መሐል አድርጋት!» አለ። ደምለው ወደ ወንበሩ ጫፍ መጣ። ሞሉ ከጭኑ ላይ ስቴካውን አንስቶ መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም።

ሀልካኖ እግሩን ተከለ። መታ።

ነጯ ፊተኛዋን አልፋ ሁለተኛዋን በግንባሯ አገኘቻት። ክምሩ ከጎኑ ተሰንጥቆ ተከፈተ። አንዲት ኳስ ጥግ ገባች፣ ሌላዋ መሐል ቀዳዳ። ነጯ ግን ገና እየሄደች ነው። የግራውን ግድግዳ ነካች፣ ተመለሰች፣ ጠረጴዛውን በሰያፍ አቋርጣ በቀኝ በኩል ወዳለው መሐል ቀዳዳ ትንከባለል ጀመር። ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ ግን አልቆመችም። ሀልካኖ ቀኝ እግሩን ቀስ አድርጎ መሬቱ ላይ ጫነ፤ ሾፌር መርገጫ እንደሚረግጥ፤ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። ነጯ ከቀዳዳው አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች።

የቀረው ጨዋታ ነበር። ልዋሽ አልፈልግም፤ ሀልካኖ ጥሩ ከፋች ሆነ እንጂ ጥሩ ጨራሽ አይደለም። አራት ኳስ አስገብቶ አምስተኛዋን ሳተ። ኢዛና ገባና ሦስት አከታትሎ አስገባ፤ አራተኛዋ ከሀልካኖ ኳስ ጀርባ ተደብቃ አስቸገረችው፣ ሳታት። ሀልካኖ ተመልሶ የቀሩትን አንድ በአንድ፣ እንደ ብሎን እያጠበቀ፣ አስገባቸው። መጨረሻ ላይ ጨዋታውን የምትዘጋውን ጥቁሯን ኳስ ቅርብ ካለው ጥግ ቀስ አድርጎ ገፋት። ገባች። ሦስት ለሁለት። ግጥሚያውም የኛ።

ጩኸቱን ተዉት። እኔን የገረመኝ ኢዛና ነው። ስቴካውን አስቀምጦ መጣና የሀልካኖን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«እኔ ስደረድር ያቺን ክፍተት ያየ ሰው የለም» አለው። «ማን አስተማረህ?»

«ወረቀቷ» አለ ሀልካኖ።

ኢዛና ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቃልኪዳን ግን ሰማች። ተነስታ ሄደችና ይቅርታ ጠየቀችው፤ ቃሉ ስህተት እንደሆነ፣ ሳታውቅ እንዳረመችው፣ ስላሳሳተችው እንዳፈረች ነገረችው። ሀልካኖ ስህተት መሆኑን የሰማው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ስንስቅበት ስድስት ዓመት አብሮን ስቆ የማያውቅ ሰው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ስህተት አይደለም» አላት። «አንቺ ጻፍክ፣ እኔ አቆምኩ።» እሷም «ጻፍክ» ያላትን አላረመችም።

እና እኔ ምን ልበል? ከመቶ የምንበልጥ ሰዎች ያንን ደንብ አንብበናል። አዋቂ ነን ባዮች ስህተቱን አየን፤ ከስህተቱ ውስጥ ያለውን እውነት ያየው አማርኛ አይችልም የምንለው ሰው ነው። በሰው ንግግር ከመሳቃችን በፊት የሚናገረውን ብንሰማ ምን ይጎዳናል? አሁን በቃኝ፤ ዕለቱ የደስታ ነበርና አላበላሸውም።

ደምለው ለሁሉም ለስላሳ አዘዘ። አመሻሹ ላይ፣ ላይኞቹ ኬላው ሳይዘጋ ሊሄዱ ሲነሱ፣ የመልሱ ግጥሚያ በወሩ እነሱ ጋ እንዲሆን ተስማሙ። ደምለው ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጥቶ የቡድናችንን ስም ሊጽፍ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተደገፈ። የሁለቱን ጻፈ። ሦስተኛው ላይ «ከፋች» ብሎ ጻፈና ሀልካኖን ቀና ብሎ አየው። የሰጠውን ማስጠንቀቂያ አላነሳም፤ ይቅርታም አልጠየቀም፤ እንደሱ ያለ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው በሌላ መንገድ ነው።

«ሀልካኖ ማን ልበል?» አለ። «የአባትህን ስም እስከ ዛሬ አልጠየቅኩህም።»

«ዓምበሮ።»

«በዓይኑ ‹ዓ› ነው በአልፋው ‹አ›?»

«እንደፈለግህ ጻፈው» አለ ሀልካኖ። «ብቻ ለቃልኪዳን አትስጣት።»

ቃልኪዳን ከሁሉም ቀድማ ሳቀች። ደምለው «ሀልካኖ ዓምበሮ» ብሎ ጻፈ፣ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አለበት፤ ወረቀቱንም ለሞሉ ሰጥቶ በር ላይ ለጥፈው አለው።